አየር የማያስገባው ሣጥን

ኮምፒዩተሩ በራሱ ጠፍቶ በራሱ ተነሣ። የሕንፃ ንድፍ ሠሪዋ ከማለዳ ጀምራ የደከመችበት የደረጃ ንድፍ አብሮ ጠፋ፤ የጠቆረው ስክሪን የገዛ ፊቷን መልሶ አሳያት።

ልጅ ከወለደች ወዲህ ከቤቷ ሆና እንድትሠራ አለቃዋ ፈቅደውላታል። ነገር ግን ሥራ ማዘግየቷ ስለ ተደጋገመ፣ "ይህኛው እስከ ማታ ካልደረሰኝ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ" ብለዋታል። አለቃዋ ተናግረው የማያጥፉ ሰው ናቸው።

የሚያስገርመው፣ የኮምፒዩተሩን ሕመም ምንጭ ማወቋ ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚቀመጠው አብረዋት የሚኖሩት አናጢ አባቷ በሠሩለት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። አናጢው ዕድሜያቸውን ሙሉ የኮሩበት ነገር ቢኖር የእንጨት መጋጠሚያቸው ነው፤ ከእጃቸው የወጣ ሣጥን ጢስ አያስገባም፣ ጉንዳን አያሾልክም ይባልላቸው ነበር። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጋዛቸውን ሰቀሉ፤ መልሰው ያወረዱት ለልጃቸው ኮምፒዩተር ሲሉ ብቻ ነው። ሣጥኑን በጨረሱ ዕለት በሩን ገጥመው ጆሯቸውን ለጠፉበት።

"ሲያጉረመርም ይሰማሻል?"

"ኧረ ምንም አይሰማም፣ አባባ።"

"እንግዲህ አቧራም ጫጫታም አበቃለት። የመጨረሻ ሥራዬ ይኸው ነው።"

ይህ ቃል አንደበቷን አሰረው። አባቷ ወጣ ሲሉ በሩን ትከፍተዋለች፤ ሲመለሱ፣ "የዕቃ ገመና አይገለጥም" እያሉ ይዘጉታል።

በዚያ ቀን፣ ሣጥኑ ሳይነካ መላ ቢያገኝላት ብላ፣ ኮምፒዩተር ጠጋኙን ጎረቤት ዳግመኛ አስጠራችው። ሰፈርተኛው "ሐኪሙ" ይለዋል። ገና ሳይደርስ ማሽኑን ከሣጥኑ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ሐኪሙ ከፈተው፣ አቧራውን አራገፈ፣ ገመዱን ነቃቅሎ ሰካ፣ አስነሣው። ማሽኑ ያለ አንዳች እንከን ሠራ።

"ይሄው! እኔ ጋ ሲሆን እንደ በግ ነው" አለ ሐኪሙ። "ባለፈው ሱቄ ወስጄው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ። ምናልባት አንቺን ጠልቶሽ ይሆናል።"

"ወይ ሐኪም!" አሉ አናጢው ከወንበራቸው። "በሽታውን ሳታውቅ ሆዱን ትቀድዳለህ።"

"ጋሼ፣ በሽተኛው እኔን ሲያይ የሚድን ከሆነ ምን ላድርግ?"

"ጠይቅ! በር አልዘጋ ሲል በሩን ብቻ አይደለም የምናየው፤ የቆመበትን ግድግዳም እናያለን።"

ሐኪሙ ወደ ንድፍ ሠሪዋ ዞረ። "እውነታቸውን ነው። ሁልጊዜ የሚቀመጠው የት ነው?"

"እዚሁ፣ ጠረጴዛው ላይ" አለች።

አናጢው ቀና ብለው አዩዋት። በሕፃንነቷ እንኳ ስትዋሽ ይዘዋት አያውቁም ነበር። ሰው እንዳያዝን ተብሎ የሚነፈግ እውነት ፍቅር ይመስላል፤ ውስጡ ሲገለጥ ግን ያንን ሰው እውነት መሸከም የማይችል አድርጎ መናቅ ነው። አናጢው ይህን በቃል አላሰቡትም፤ ብቻ የዋሸችው ስለ ሣጥኑ መሆኑ ገባቸው። ተነሥተው ሣጥኑን ከፈቱና እጃቸውን አስገቡ። እንጨቱ እንደ ትኩሳታም ግንባር ይሞቃል።

"ሐኪም፣ ና እስቲ እጅህን አስገባ።"

ሐኪሙ ነካ አድርጎ እጁን ሰበሰበ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሣጥን አይደለም፣ ምድጃ ነው!" ከዚያ ደነገጠ። "ማለቴ... ሥራው እንኳ ግሩም ነው።"

"ግሩምነቱ ነው ያፈነው። አይደል?"

"አዎ። ማሽኑ ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። በሩን ክፍት ብትተዉት ይሻለዋል።"

"ጀርባው ካልተነፈሰ ምን ዋጋ አለው!" አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እንጀራሽ ሊዘጋ ሲል?"

"የመጨረሻ ሥራዬ ነው ሲሉኝ... አልቻልኩም፣ አባባ።"

"አርጅቻለሁ እንጂ ሕፃን አልሆንኩም። ተቀመጪና ሥራሽን ጨርሺ።"

ሐኪሙ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። እርሷ ጠረጴዛው ላይ ደረጃዋን እንደገና ማስመር ጀመረች፤ እርሳቸው ሣጥኑን በረንዳ ላይ ገልብጠው መጋዙን አነሡ። ከውጭ የሚመጣው የመጋዝ ድምፅ እየተቆራረጠ፣ አንዳንዴም ለረጅም ጊዜ ዝም እያለ ይሰማት ነበር። ሄዳ ልታግዛቸው እግሯ ተነሣሣ፤ ግን አልሄደችም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ንድፉን ላከች፤ አለቃዋም "ደርሶኛል፤ የሚቀጥለውን ነገ እልክልሻለሁ" ሲሉ መለሱላት።

ወደ በረንዳው ወጣች። አባቷ ልብሳቸው ላይ የተነሰነሰውን ብናኝ ሳያራግፉ ተቀምጠዋል። የሣጥኑ ጀርባ ላይ መተንፈሻ ተከፍቷል፤ አንደኛው ጠርዝ ወደ ታች ሸሽቷል።

"እንዴት ነው?" አሏት።

"ቆንጆ ነው" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

"ጠማማ ነው፣ አባባ። ግን አየር ያስገባል።"

አናጢው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጠማማ ነው። ሌላስ የደበቅሽኝ አለ?"

በበሩ ወደ ውስጥ ተመለከተች።

"የእንግዳ ወንበሩ... እርስዎ ከጠገኑት ወዲህ ይወዛወዛል። እግሩ ሥር ካርቶን አጥፈን እናደርግለታለን።"

"ማን ማን ያውቃል?"

"ሁላችንም። እንግዶቹም።"

ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

"አምጪው" አሉ። "ካርቶኑን ጭምር።"