የሰኞው እምቢታ

አርማንድ ፔልቲየር ሰኞ ሰኞ ሥራ ልመና ይወጣል። ሥራ እንዳያገኝ እየጸለየ ነው የሚወጣው።

ነገሩ እብደት ቢመስልም እብዱ እሱ አይደለም። የወረቀት ፋብሪካው መስከረም ላይ ተዘጋና ከተማው ሁሉ ሥራ ፈታ። ይሄኔ የክፍለ ግዛቱ ሹማምንት የሥራ አጥ መድኑን «አሻሻልነው» አሉ። በማሻሻያው መሠረት አበል የሚፈልግ ሰው በየሳምንቱ አራት ቀጣሪ ዘንድ ሄዶ ሥራ መጠየቅ አለበት። የተሰጠውን ሥራ፣ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ እምቢ ካለ አበሉ ይቋረጣል። እሺ ካለም «ሥራ ይዟል» ተብሎ ይቋረጣል። ይህን ያረቀቀው ሰው ወይ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፣ ወይ ሠርቶ አያውቅም።

ስለዚህ የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ጠይቆ መከልከል። በሩን ያልዘጋ ቀጣሪ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። ነዳጅ ማደያው፣ የአረጋውያን መጦሪያው፣ ቁርስ ቤቱና የኤቨረት የብረታ ብረት ሱቅ አሉ። ከፋብሪካው የተባረሩት ሁሉ እነዚሁን በሮች ሲዞሩ ይውላሉ። ባለቤቶቹም ነገሩ ገብቷቸዋል። ሥራ ባይኖራቸውም «የለም» ማለትን ለማንም አይነፍጉም።

ኤቨረት ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ሰው ነበር። ከአርማንድ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ በብርድ በረዶ የሆነውን ሐይቅ በስተው፣ አንድ ጉድጓድ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ዓሣ እያጠመዱ ሲሰዳደቡ ኖረዋል።

«ሥራ አለህ?» ይለዋል አርማንድ ኮፍያውን አውልቆ።

«ለአንተ? እንኳን ለአንተ ለራሴም የለኝ! የምን ሰነፍ ነው በጠዋት መጥቶ የሚገተርብኝ?»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ሂድ፣ ብርድ አታስገባ!»

ያ ስድብ ነበር ክሎዴትን የሚያሞቃት። የአርማንድ ሚስት ክሎዴት ሳንባዋ የተጎዳ ነው፤ ብርድ ከነካት ትታፈናለች። አበሉ የማሞቂያ ነዳጅ ይገዛል። ነዳጁ ከተቋረጠ ደቡብ ወዳለችው እህቷ መሄዷ ነው፤ የእህትየዋ ቤት ደግሞ ከእሷ ሌላ ሰው አያስጨምርም። አርማንድ ከፈጣሪም ሆነ ከመንግሥት ብዙ አልጠየቀም። ይህን የበረዶ ወራት ከሚስቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ልውጣው ነው ያለው።

ጥር ላይ አንድ ሰኞ ሱቁ ሲገባ ባንኮኒው ኋላ የቆመችው የኤቨረት ልጅ ኖሪን ነበረች። ዓይኗ አብጧል።

«አባቴ ቅዳሜ ደጅ ላይ አዳልጦት ወደቀ። ዳሌው ተሰብሯል፣ ሆስፒታል ነው» አለችው።

አርማንድ ክው አለ። ስለ ጓደኛው ደጋግሞ ጠየቃት፣ አጽናናት። መሄጃው ሲደርስ ግን በዚያ ሳምንት የቀረችው በር ይህችው ነበረችና፣ እያፈረ፣ «ለደንቡ ያህል ነው እንጂ... ሥራ የለም አይደል?» አላት።

«አለ!» አለች ኖሪን፣ ፊቷ በርቶ። «ቅዳሜና ሰኞ፣ ግማሽ ግማሽ ቀን። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ይቅር በለኝ። ግን አባቴ ሁልጊዜ ‹ለአርማንድ ሥራ ሰጥቼው በሞትኩ› እያለ ሲቆጭ እሰማዋለሁ።»

«ኖሪን፣ ልጄ፣ የለም በይኝ።»

«ምን?»

«የለም በይኝና ልሂድ። አባትሽ እንደሚለኝ ሰነፍ በይኝ።»

«እኔ? አንተን? አጎቴ አርማንድ፣ ሥራ ፍለጋ አይደል እንዴ የመጣኸው?»

ቁጭ ብሎ አስረዳት። ስትሰማ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«ሰኞ ሰኞ እንደምትመጣ ስለማውቅ፣ ጠዋት ለመድኑ ቢሮ ደውዬ ስምህን አስመዘገብኩ እኮ» አለች። «ቀጣሪ ማስታወቅ አለበት ይላል አዲሱ ሕግ። አሁን ዋሽቼ ነው ብል ሱቁን ይቀጡብናል። እኔ እኮ... አባቴ ደስ ይለዋል ብዬ ነው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር አርማንድ ሊቆጣት ቀርቶ ሊከፋባት አልቻለም። የተጎዳውም እሱ፣ አጽናኙም እሱ ሆነ። «ደግ ነው ያደረግሽው፣ ልጄ» አላትና የኤቨረትን ሽርጥ ከሚስማሩ ላይ አወረደ።

አበሉ በዚያው ሳምንት ተቋረጠ። የግማሽ ቀን ደሞዝ ነዳጅ ሊገዛ ቀርቶ ቅዳሜ ማታ የለመዱትን ባቄላና የአሳማ ሥጋ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ክሎዴት ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አርማንድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እንባውን ይጠርጋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሲከለክሉህ እየሳቅህ ትመጣ ነበር» አለችው። «ሥራ አገኘሁ ብለህ ስታለቅስ ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል?»

«በጸደይ ትመለሻለሽ።»

«እመለሳለኋ» አለች። ሁለቱም አላመኑትም። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጇን አወዛወዘች፣ ከዚያ ሳሉ ያዛትና ጎንበስ አለች። ከመስኮቱ ጠፋችበት።

አርማንድ አሁን ካፖርቱን እንደለበሰ ይተኛል። ውኃው በረዶ ሆኖ ቧንቧውን እንዳያፈነዳ ዘግቶታል። ማታ ማታ ክሎዴት ትደውልና «ሞቆኛል» ትለዋለች፤ እሱም «እኔም» ይላል።

ክሎዴት በሄደች በቀጣዩ ሰኞ የሱቁ በር ተከፈተ። የገባው ሮላንድ ነበር፤ ፋብሪካው ውስጥ ከአርማንድ ጋር አንድ ማሽን ላይ ሲሠራ የኖረ ሰው። ባንኮኒው ኋላ የቆመውን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ አሻሸው።

«ክሎዴት መሄዷን ሰማሁ» አለ።

«አዎ።»

ሮላንድ መሬት መሬት አየ። ወጥቶ ቢሄድ በወደደ፤ ግን አራተኛው በር ይህ ነው።

«እንግዲህ... ሥራ አለህ?»

አርማንድ በሁለት እጁ ባንኮኒውን ያዘ። «ለአንተ?» አለ። «እንኳን ለአንተ...» የኤቨረትን ሽርጥ አስተካክሎ እንደገና ጀመረ። «የለም። ምንም የለም፣ ሮላንድ። አንተ ሰነፍ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አርማንድ። ከልቤ ነው።»

«ሂድ፣ ብርድ አታስገባ» አለው አርማንድ። «ሚስትህን ሰላም በልልኝ።»