የኡስታዬ ቀኝ ጎማ

ኡስታ ኢሚንጆን አሮጌ ላዳቸውን እየነዱ ኦሽ ከተማ ወዳለው ጋራዤ የመጡት ሐሙስ ጠዋት ነው። መፍቻ አያያዝ ያስተማሩኝ ኡስታዬ፣ የሙያ አባቴ፣ እሳቸው ናቸው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሰው ሰብስበው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ከዛሬ ጀምሮ ሥራህ ሥራዬ ነው፤ አንተ የነካኸውን እኔ ደግሜ አልነካም" ብለው መርቀው ሸኙኝ። እኛ ዘንድ ያልተመረቀ መካኒክ ጋራዥ ቢከፍትም የሚያምነው የለም። የተመረቀ ደግሞ ኡስታውን ሰው ፊት "ተሳስተዋል" አይልም። ዛሬም ፊቴን የሚያቃጥለኝ ይሄ ሁለተኛው ነው።

"ሙሂዲን ልጄ፣ የፊት ግራው ጎማ ኩሽኔታ አልቋል" አሉኝ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ። "ነገ ከባለቤቴ ከሰኖባር ጋር ጉልቻ ከተማ እንሄዳለን። አዲስ ለተወለደው የልጅ ልጃችን የሕፃን አልጋ ማድረስ አለብን። ያን ዳገት በዚህ ጩኸት አልወጣውም።"

"ችግር የለም ኡስታ፣ እስከ ቀትር ያልቃል። አረፍ ይበሉ።"

ሻይ የሚጠጡት የታክሲ ሾፌሮች ሁሉ ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። በዚህ ከተማ የኡስታ ኢሚንጆን ጆሮ የታወቀ ነው። መኪና በደጃቸው ሲያልፍ ሰምተው፣ ባለቤቱን አስቁመው፣ "ይሄን ነገር አስፈታው" የሚሉ ሰው ናቸው።

መኪናውን ብቻዬን ይዤ ወጣሁ። ፍጥነት ስጨምር ከፊት በኩል ማጉረምረም ጀመረ። መሪውን ወደ ቀኝ ሳዞር ዝም አለ፤ ወደ ግራ ሳዞር ባሰበት። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ የሚወድቀው ቀኝ ጎማ ላይ ነው። ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ያለቀው የቀኙ ነበር።

ተመልሼ ቀኙን በክሪክ አነሳሁት። አንድ እጄን ሞላው ላይ አድርጌ በሌላው ጎማውን አሽከረከርኩት። አሸዋ የሚፈጭ ይመስል እጄ ላይ ይንኮሻኮሽ ነበር። ላይና ታቹን ይዤ ስወዘውዘው ቀጨጭ አለ። ቀና ስል ኡስታ ከተቀመጡበት ያዩኛል። ቅር አላቸው ብዬ ደነገጥኩ።

የጎረቤቴ ቀለም ቀቢ ዞኪር ደግሞ አፉ አያርፍም። "አንተ ሙሂዲን! ግራ ነው እያሉህ ቀኝ ታነሳለህ? የኡስታን ጆሮ ልታርም ነው እንዴ? እሳቸው እኮ ጉንዳን ሲያስል ይሰማሉ!"

ሾፌሮቹ ሳቁ። ፊቴ ጋለ።

"አይ፣ ለማነጻጸር ብዬ ነው" አልኩና ቀኙን አወረድኩት።

ይኼው ነው። ከዚህ የከፋ ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም፤ የሠራሁት ደግሞ ክሪክ ማውረድ ብቻ ነው። ሁለቱንም ብቀይርስ? እሱንም አስቤዋለሁ። ግን ሁሉም ዓይኑን ተክሎብኛል፤ ቀኙን ከነካሁ ኡስታ መሳሳታቸው ገሃድ ይወጣል። ይሉኝታ ያዘኝ። የግራውን ፈታሁ። ፍሬኑን አነሳሁ፣ ዳዶውን አላቀቅሁ፣ ኩሽኔታውን አወጣሁ። እንደ አዲስ ያበራል። ማንም ሳያየው በጨርቅ ጠቅልዬ ከመሣሪያው ሣጥን ሥር ወሸቅሁት። አዲሱን ግሪስ ቀብቼ ከተትኩ፣ አጥብቄ ትንሽ መለስ አደረግሁት፣ ገጠምኩ።

ኡስታ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አልቆ ነበር?" አሉኝ።

"አልቆ ነበር ኡስታ" አልኳቸው።

እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እኔም ግሪስ የነካውን መዳፌን ዘርግቼ አሜን አልኩ። ሲመለሱ የቀኙን በዘዴ እቀይረዋለሁ፣ ኩሽኔታ እንደሆነ እየጮኸም ወር ይቆያል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ሆዴ ግን ያውቅ ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሰኖባር ደወሉ። "ሙሂዲን ልጄ፣ ተርፈናል፤ አትደንግጥ። ጎማው ጨሰና ተቆለፈ። ከዳገቱ ማዶ ቁልቁለቱ ላይ ነን።"

ዕቃዬንና አንድ ኩሽኔታ ይዤ በረርኩ። በየመታጠፊያው በመንገዱ ግራ ያለውን ገደል እያየሁ ነዳሁ። ላዳዋ በቀኝ በኩል ካለው ቦይ ገብታ፣ ተራራውን ተደግፋ ቆማለች። ወደ ሌላው ጎን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምተርክበት አፍ አይኖረኝም። አልጋው ከጣሪያው ላይ ተወርውሮ ወድቆ ነበር። ሰኖባር አንሥተው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ አቅፈውታል። ሕፃን ገና ያልተኛበት አልጋ አንድ እግሩ ተሰብሯል።

"ለበጎ ነው" አሉኝ። ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎማውን ፈታሁ። ኩሽኔታው በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል፤ የውስጡ ቀለበት ከብረቱ ጋር ተጣብቆ በመሮ ነው ያላቀቅሁት። ኡስታ በላዬ ቆመው ያዩ ነበር።

"የቀኙ ነው" አሉ።

"አዎ ኡስታ።"

"ትናንት ታውቅ ነበር?"

መዶሻውን አስቀመጥኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "አውቅ ነበር" አልኩ በቀኛቸው በኩል ተንበርክኬ።

ዞር ብለው የግራ ጆሯቸውን አስጠጉልኝ። "በዚህኛው ንገረኝ።"

"አውቅ ነበር ኡስታ። ሰው ፊት... ስለማከብርዎት ነው።"

ሰኖባር እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የቀኝ ጆሮዬ ከረመዳን ወዲህ አይሰማም። ዓለም ሁሉ በግራ በኩል ነው የሚጮኽብኝ። ኩሽኔታ ራሴ መቀየር አቅቶኝ ወደ አንተ የመጣሁ ይመስልሃል? አንተ ትሰማልኛለህ ብዬ ነው። ሰው ፊት ጆሮዬ ደነቆረ ማለት አፈርኩና ግራ ነው አልኩ። ቀኙን ስታነሳው 'ጎሽ፣ ልጄ አገኘው' ብዬ ደስ አለኝ። አወረድከው። ምናልባት ጆሮዬ ልክ ይሆን ብዬ መጥቼ ጠየቅሁህ። አልቆ ነበር አልከኝ።" ትንፋሽ ወሰዱ። "አመንኩህ።"

ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ አዲሱን ገጠምኩ፣ ጎማውን እያሽከረከርኩ ዳዶውን አጠበቅሁ። ድምፅ የለውም፤ ውሃ ነው። የአልጋውን እግር በሽቦ አስሬ ጣሪያው ላይ መለስኩት። ክሪኩን ላወርድ ስል፣ ለመንገዳቸው ይመርቁናል ብዬ በልማድ እጄን ዘረጋሁ።

"ቆይ" አሉኝ።

የሚያማቸውን ጉልበት አጥፈው በግድ ተንበረከኩ። ጎማውን ላይና ታች ይዘው ወዘወዙት። ሞላው ላይ እጃቸውን አድርገው አሽከረከሩት፤ ደገሙት። ከዚያ እጃቸውን ጠርገው፣ በሩን ይዘው ተነሡና ገቡ።

በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እኔ የነካሁትን ሲነኩ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። የዘረጋሁትን እጄን አጥፌ ክሪኩን አወረድኩ።