የቅበላው ሳቅ

ሰው ሲያስቁ መዋል የሚያደክመውን ያህል ድንጋይ መፍለጥ አያደክምም። ካላመናችሁ ጌታሰውን ጠይቁት። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ በየእሑዱ ሰቆጣን ሲያስቅ ከርሞ፣ ይኸው የቅበላው እሑድ ደረሰ። ከወጣቶች ማዕከሉ አዳራሽ ጀርባ በተተከለው ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተዘርፍጦ፣ በፍየል ጠጉር የተሠራውን ጢሙን አገጩ ላይ ይለጥፋል። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ከበሮው ይሰቀላል፣ ጭፈራው ይቆማል፣ እሱም እፎይ ይላል። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ወገቡ ከተያዘ ቆይቷል። "የዛሬዋን ልገላገል እንጂ ሁለተኛ መድረክ በዞረበት አልዞርም" ሲል ሰንብቷል። በየዓመቱ እንዲሁ ነው የሚለው፣ የሚያምነው ግን የለም።

የዘንድሮው የቴአትር ወቅት ኮሜዲና ሙዚቃዊ ተውኔት ብቻ እንዲሆን የተወሰነው ገና ከጅምሩ ነው። ከአምደወርቅ የመጣው ቡድን አንድ የሚያስለቅስ ተውኔት ይዞ ቀርቦ ነበር። "ለቅሶውንማ በየቤታችን መች አጣነው! ጦርነቱ አለ፣ ድርቁ አለ፣ ስደቱ አለ። ሰው እዚህ የሚመጣው ሊስቅ ነው፤ የሚያስቅ ካላችሁ አምጡ፣ ከሌላችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩ" ብላ የመለሰቻቸው ሠርካለም ናት። የቴአትር ማኅበሩም እሷ ያለችው ይሁን አለ። የአምደወርቆቹ አኩርፈው ሄዱና በሁለተኛው እሑድ ስለ አህያ ሌባ የሚያወራ ኮሜዲ ይዘው ተመለሱ። ጥሩ ነበር ደግሞ።

ሠርካለም ገበያው ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። መድረክ ላይ የጌታሰው ሚስት ሆና ስትጨቃጨቀው ብዙ ዘመን ስለሆናት፣ ለገበያ የሚመጣው የገጠር ሰው የእውነት ሚስቱ ትመስለዋለች። "እንዴት ናት ባለቤትዎ?" እያሉ ስለ እሷ ይጠይቁታል። ከቤቷ የነበራት ሰው አንድ ታናሽ ወንድም ነው፣ ምሳው። እናታቸው ስትሞት እሷ ናት አዝላ ያሳደገችው። የቡድኑን ከበሮ የሚመታው እሱ ነበር። ታዲያ እንደ ሌላው ሁሉ እሱም በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ልሂድ ብሎ ወጣ። አሁን ከበሮውን ዋሴ ነው የሚመታው። መምታትስ ይመታል።

ጌታሰው ጢሙን ለጥፎ ሳይጨርስ አያ ካሤ ከዘራቸውን እየተደገፉ ገቡ። አያ ካሤ የሠርካለም አጎት ናቸው፤ የእድሩም ዳኛ እሳቸው ናቸው። ድንኳኑም የእድሩ ነው፤ ለተዋንያኑ ልብስ መቀየሪያ ይሁን ብለው ያዋሱት እሳቸው ናቸው።

"ጌታሰው፣ ይቺን ድንኳን ተውኔቱ እንዳለቀ ንቀሉልን" አሉት።

"ምነው አያ ካሤ? ረቡዕ እንመልሳለን ብዬዎት የለ?"

"ነገ ጠዋት ትፈለጋለች።"

የእድር ድንኳን በጠዋት ይፈለጋል ከተባለ ነገሩ ግልጽ ነው። ጌታሰው እጁ ጢሙ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ማን ነው?"

ሽማግሌው ወደ በሩ ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምሳው። የመን ላይ ታሞ ነው አሉ። አብሮት የነበረ ልጅ ትናንት ለጎረቤቷ ለዝናሽ ደውሎ ነገራት።"

"ምሳው! የኛ ምሳው?"

"ዝም በል፣ ትሰማሃለች።"

"ታዲያ እንዴት ነው ዛሬ የምንጨፍረው? እናስቀረዋ!"

"ብታስቀር ለምን ቀረ አትልም? መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው። ነገ ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቄሱም ባሉበት፣ ቤቷ ድረስ ሄደን እናረዳታለን። እስከዚያ እህል ትቅመስ፣ እንቅልፍ ትተኛ። ከነገ ጀምሮ ሁለቱንም አታገኛቸውም።"

መርዶ በወጉ መሆኑን ማን አጣው? ጌታሰውም ስንቱን ሰው አርድቷል። የቸገረው ሌላ ነው። የሠርካለም አባት የሞቱ ጊዜ እሷ ሰርግ ላይ ነበረች። ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ እሷ ብቻ አልሰማችም። ሰርጉ እስኪያልቅ ይደበቃት ተባለና ስትጨፍር ሰነበተች። በኋላ አንዱ ግድ የለሽ የሰርጉን ቪዲዮ በስልኳ ላከላት። አባቷ ሞተው እሷ እስክስታ ስትመታ፣ አጫፋሪዎቹም እያወቁ ሲያጨበጭቡላት አየች። ያን ጊዜ ነው ጌታሰው ዘንድ መጥታ "ጋሽ ጌታሰው፣ ሁለተኛ እንዲህ እንዳያደርጉኝ። ክፉ ነገር ቢመጣ ከሰው ሁሉ ቀድመው እርስዎ ይንገሩኝ፤ ይማሉልኝ" ያለችው። እሱም "ሚካኤልን! እነግርሻለሁ" ብሎ ምሎላታል።

ይህን ለአያ ካሤ ነገራቸው።

"መሐላው ያንተ ነው፣ ሟቹ ግን የኛ ነው" አሉና ወጡ።

ወዲያው ሠርካለም የድንኳኑን መጋረጃ ገልጣ ገባች። ፊቷ በርቷል። "ጋሽ ጌታሰው፣ አዳራሹን አዩት? ሰው እኮ መቆሚያ አጥቷል! ጎረቤቶቼ ሁሉ መጥተዋል። ዝናሽ እንኳን፣ ቴአትር ኃጢአት ነው የምትለዋ ዝናሽ፣ ፊት ወንበር ላይ ጉብ ብላለች! ምን ጉድ ነው ዛሬ?"

"ቅበላ ስለሆነ ይሆናላ" አላት።

"ምሳው ይህን ቢያይ! ማታ ደውዬ እነግረዋለሁ፤ ስልኩ ከሠራ።"

አሁን ልንገራት አለ በልቡ። ሚካኤልን ብያለሁ፣ አሁን ልንገራት።

"ሠርክዬ..."

"አቤት?"

አየችው። ዓይኗን ተኩላለች፣ በመድረኩ ሚስት ቀሚስ ላይ ነጠላዋን አጣፍታለች። ደስ ብሏታል።

"ቀበቶዬን አይተሽልኛል?"

"ኧረ በሚካኤል! ታጥቀውት አይደል እንዴ!" ብላ ከልቧ ሳቀችበት። እሱም እንደ ምንም ሳቀ። እንዲህ ያለ ፈሪ አስተማሪ ስንት ትውልድ አስተምሮ ይሆን ብሎ ራሱን ጠላው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመሩ። ተውኔቱ ስለ አንድ ስስታም ባል ነው። ለቅበላ ፍየል ይገዛና ከሚስቱ ደብቆ ብቻውን ሊበላ አልጋ ሥር ያስራታል። ፍየሏ በጮኸች ቁጥር ባልየው ዘፈን ይጀምራል፤ ሚስት ደግሞ ዘፈኑ እያስደሰታት ትጨፍራለች። ሠርካለም ገና ብቅ ስትል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንድ ቃል አልተናገረችም እኮ! ስትቀመጥ ሳቁ፣ ስትነሳ ሳቁ። ዋሴ ከበሮውን መታ፣ እሷም ጨፈረች፣ እነሱም እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ጌታሰው መድረኩ ላይ ሆኖ ሲያያቸው አንድ ነገር ጎድሎበታል፤ ምን እንደሆነ ግን ልብ የሚል ጭንቅላት አልነበረውም። ወገቡም ልቡም አንድ ላይ ያሙታል።

በተውኔቱ መካከል ሚስቲቱ ብቻዋን ተቀምጣ፣ በድርቁ ዘመን ስለተሸጠው በሬያቸው የምታንጎራጉርበት ቦታ አለ። ያቺን ሁሌ ሠርካለም ስታንጎራጉራት አዳራሹ ጭጭ ይላል፤ በሬውን ያልሸጠ ማን አለና! ዛሬ ግን ሳቁ። ዝናሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከኋላ ያሉትም ተከተሏት። ምስኪኖች! እንዳትጠረጥር ብለው የትኛው ላይ መሳቅ እንዳለባቸው ጠፋባቸው። ሠርካለም ዜማው ከአፏ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እንደ ምንም ጨርሳ፣ ጨፋሪዎቹ ሲገቡ እሷና ጌታሰው ወደ ድንኳኑ ወጡ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። "ጋሽ ጌታሰው፣ ሰዉ ምን ሆኗል?"

"ምን ሆነ? ሳቀ እንጂ።"

"በሬው ላይ ሳቁ። ይኸን ያህል ዘመን ሳስቅ ኖሬ ሳቄን አላውቀውም? ይኼ የኔ ሳቅ አይደለም። አዝነውልኝ ነው የሚስቁት።"

ከውጭ የሰው ኮቴ ተሰማ፣ የድንኳኑም አንድ ማዕዘን ላላ ብሎ ወረደ። የእድሩ ሰዎች ተውኔቱ እስኪያልቅ መታገሥ አቅቷቸው ገመዱን መፍታት ጀምረዋል። ሠርካለም የረገበውን ሸራ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጌታሰውን አየችው። ማን እንደሞተ ስትጠይቀው በአማርኛ አልነበረም፣ በእናቷ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ነው። ጌታሰው ያን ያህል አይናገረውም፤ ይህን ግን ማንም ይሰማዋል።

ጢሙን ከአገጩ ላቀቀ።

"ምሳው ነው" አላት።

አልጮኸችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"መቼ ሰሙ?"

"ቅድም።"

"ሳንወጣ?"

"አዎ፣ ሳንወጣ።"

"ጨፈርኩ እኮ ጋሽ ጌታሰው።"

"ጨፈርሽ" አላት። "ፈራሁ። ይቅር በይኝ።"

ተነሳች። ወደ ቤቷ የምትሮጥ መስሎት ሊይዛት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ወደ መድረኩ ወጣች። ጨፋሪዎቹ ሲያዩዋት አቆሙ። ሕዝቡ ደግሞ ብቅ ስትል ጊዜ፣ የፈረደበት፣ እንደገና ሳቀ። መካከል ላይ ቆማ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ለቅሶ እንደደረሰ ሰው ወገቧ ላይ አገለደመችው። ያን ጊዜ ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ።

"በቃ" አለቻቸው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ የደከማት ሴት ድምፅ ነው። "ምሳዬ መሞቱን ሰምቻለሁ። ለኔ ብላችሁ ይዛችሁት ዋላችሁ። ደከማችሁ እኮ፣ በቃ። አሁን አልቅሱ።"

አያ ካሤ ይኼ ነገር ወግ አይደለም ሊሉ ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። መልሰው ግን ተቀመጡና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ቀድማ የጮኸችው ዝናሽ ናት። ከዚያ አዳራሹ ሙሉ ተነሳ። ከትናንት ጀምሮ የታፈነው ልቅሶ አንድ ላይ ወጣ። ዋሴ ከበሮውን ከአንገቱ አውልቆ እንደ ሕፃን ታቅፎ አመጣላት። የምሳው ከበሮ ነው። ፍየሏ የታሰረችበት አልጋ ላይ ተቀመጠችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ጌታሰው ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ጢሙ አሁንም እጁ ውስጥ ነው። እሷ ገና አላለቀሰችም። ፊቷን ሳታዞር ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችው።

"ይኼኛውንስ ጭፈራ መቼ ይልኩልኛል? ነገ ነው?"

ጌታሰው ቀና ብሎ አዳራሹን አየ። ቅድም የጎደለበት ነገር አሁን ታየው። በየእሑዱ ገና ከበሮ ሲመታ ስልኩን የማያነሳ ሰው አልነበረም፤ የኋላ ሰው የሚያየው በፊተኛው ክንድ ሥር ነበር። ዛሬ ግን ከመጀመሪያዋ ጭፈራ ጀምሮ አንድም እጅ ስልክ ይዞ አልወጣም። ያጨበጭቡ የነበሩት ሁሉ በባዶ እጃቸው ነው። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ የአባቷን ጊዜ ረስተው ስላልነበር ነው።

"ማንም አልቀረጸሽም፣ ሠርክዬ" አላት።

"ሚካኤልን?"

ያን መሐላ ዛሬ ከሱ አፍ ባትቀበለው ማንም አይፈርድባትም ነበር።

"ሚካኤልን። አንድም ሰው።"

ሠርካለም ሕዝቡን አየች፣ ባዶ እጃቸውን አየች። ከዚያ ግንባሯን ከበሮው ላይ አድርጋ አለቀሰች።