ምስማር ላይ የተሰቀለው ብርጭቆ

ሰው በሀብት ይቀናል፣ በሹመት ይቀናል፣ በጎረቤቱ ሚስት የሚቀናም አይጠፋም። መስታወት ቆራጩ ግን የቀናው በአንዲት ምስማር ነው። ኋላ ላይ ደግሞ በገዛ ሚስቱ።

ምስማሯ የተመታችው ከሰፈሩ መኪና ጥገና ጀርባ ባለችው ትንሽ የቢራ መጥመቂያ ግድግዳ ላይ ነው። እሷ ላይ ባለ ጆሮ ብርጭቆ ተሰቅሏል፤ የእሱ ነው። ከሥሯ ያለችው ባለ ሦስት እግር በርጩማም የእሱ ናት። እዚያ ቤት የሚጠጣው ፋብሪካ የሚያመርተው ዓይነት ቢራ አይደለም። ጠማቂው ብቅሉን ራሱ መርጦ፣ እርሾውን እንደ ሕፃን እያባበለ በትንሽ በትንሹ የሚጠምቀው ነው። አዲስ በርሜል በከፈተ ቁጥር የመጀመሪያዋ ብርጭቆ ለመስታወት ቆራጩ ትቀዳለች፤ የቀረው ሰው ቆሞ አፍ አፉን ያያል። እሱ አይቸኩልም። ያሸታል፣ ወደ መብራቱ ያነሳል፣ ይጎነጫል፣ ዓይኑን ይጨፍናል።

"ቅርንፉድ" ይላል በመጨረሻ። "እንደ ሁልጊዜው ከኋላ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። የኛ ቢራ ምልክቱ ይቺ ናት!"

ቤቱ ይስማማል። ቀማሹ ካለ፣ አለ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ "ትንሽ ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ቀኝ" ሲባል የሚውል ሰው፣ ሐሙስ ማታ አንዲት ቃል ሲናገር ቤት ሙሉ ሰው ጸጥ ሲልለት ምን እንደሚሰማው ያልደረሰበት አያውቀውም።

ታዲያ አንድ ጠዋት የቀኝ እግሩ አውራ ጣት አብጦ፣ ቀልቶ፣ አንሶላ እንኳ አላስነካ አለ። ሐኪሙ ደም አስመረመረና "ሪህ ነው" አለ። ከዚያ ከወረቀቱ ቀና ብሎ "ቢራ ትወዳለህ?" ሲል ጠየቀው።

"መውደድ እንኳ አይባልም፤ እኔ የምቀምሰው..."

"አንድ ወር አንዲት ጠብታ እንዳትቀምስ።"

አንድ ወር ምን አላት? በሌላ ጊዜ ቢሆን ጥርሱን ነክሶ ያልፋት ነበር። ነገር ግን እሱና ጠማቂው ስንት ምሽት ሲያልሙት የከረሙት ቢራ፣ የብርቱካን ልጣጭና ድምብላል የገባበት፣ በርሜል ውስጥ ሆኖ ቀኑን እየጠበቀ ነበር። ጠማቂው ስልክ ደወለ።

"ወንድሜ፣ ሐሙስ ይከፈታል። ምን ይሻለናል? ፍሬን እኔ አለሁልህ እያለኝ ነው።"

ፍሬን የሚሉት መንጃ የሚያስተምረውን ሰውዬ ነው። ሥራው ለምዶበት ወንበር ላይ ተቀምጦ እንኳ በቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። በርጩማዋን በዓይኑ ሲበላት ዓመት አልፎታል።

"ፍሬን?" አለ መስታወት ቆራጩ፣ ጣቱን ረስቶ ብድግ ብሎ። "ሻይ ውስጥ ስኳር ጨምሮ የማይጠግብ ሰው እኮ ነው! ምን ምላስ አለው?"

ብድግ ማለቱ ጣቱን አስታወሰውና መልሶ ቁጭ አለ። ፊት ለፊቱ ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች። ቀን ልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት ውስጥ የሰው አንሶላ ስታጥፍ ውላ፣ ማታ የራሷን ታጥፋለች። ቢራ የሚባል ነገር በአፏ አይዞርም። በሠርጋቸው ዕለት አንዴ ተጎንጭታ "የሳሙና ውሃ" ብላ ያስቀመጠች ሴት ናት። አያትና ልቡ በራ። የማይጠጣ ሰው በርጩማ አይቀማም!

"ባለቤቴን እልካታለሁ" አለ በስልኩ። "እሷ ትቀምሳለች፣ መጥታ ትነግረኛለች፣ እኔ እፈርዳለሁ።"

ሚስቱ እጇ ላይ ያለውን ፎጣ እንደያዘች ቀረች። "እኔ? ቢራ?"

"ቅመሺና የተሰማሽን ንገሪኝ፣ በቃ። ቅርንፉዱን ብቻ አደራ።"

ሐሙስ ማታ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ጠበቃት። በሩ ሲከፈት ገና ጫማዋን ሳታወልቅ "እህ? ቅርንፉዱስ?" አላት።

"ቅርንፉድ አላገኘሁም" አለች። "ቁስል ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ይሸታል።"

"ምን?"

"እኛ ሥራ ቦታ በረኪናው በደንብ ያልወጣለት አንሶላ ሲተኮስ የሚያስነጥስ ሽታ አለው። እሱ ትዝ አለኝና ቱቦዎቹን በምን እንደሚያጥባቸው ጠየቅኩት። በበረኪና ነው አለኝ። በውሃ ስንቴ ታለቀልቃቸዋለህ ብለው፣ አንዴ አለኝ። አንዴ!" ጫማዋን አወለቀች። "ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሲያስበው፣ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆነዋል።"

መስታወት ቆራጩ ወደ ኋላ ማሰብ ጀመረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኑን እየጨፈነ፣ ሰው ጸጥ እያሰኘ፣ ቅርንፉድ ብሎ ያሞገሰው ምን እንደነበር ሲገባው ጆሮው ድረስ ጋለ።

"እና በረኪና ነው ሳመሰግን የኖርኩት?"

"እኔ እንደዚያ አላልኩም" አለች። ደግነቷ ከስድብ ይብስ ነበር።

ከሁሉ ያሳሰበውን ጥያቄ አወጣው። "በየትኛው ብርጭቆ ጠጣሽ?"

"ምስማር ላይ በተሰቀለው። ንጹሑ እሱ ብቻ ነበር።"

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት የሚባለው እንዲህ ሲገጥም ነው። ጠማቂው ያንን ቢራ ደፋው፤ ቱቦዎቹንም ጥሎ አዲስ ገዛ፣ የብርቱካኑንም እንደገና ጠመቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ ሲደወል መስታወት ቆራጩ ተንደርድሮ አነሳው።

"እትዬ አሉ?" አለ ጠማቂው። "ጥቁሩን ቢራ አይተው እንዲነግሩኝ ፈልጌ ነበር።"

የጣቱን ነገር እንኳ አልጠየቀውም። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ እትዬም ቀረ፣ አክብሮቱም ቀረ፤ "የት አለች?" ሆነ። የት አለች! መስታወት ቆራጩ ስልኩን ዘግቶ ይህችን ቃል እንደ ቆሻሻ መስታወት በብርሃን አገላብጦ አያት። ሰው እትዬ ያላትን ሴት አንቺ ለማለት ስንት ጊዜ አብሯት መሳቅ አለበት?

ከዚያ ወዲያ ያልቀናበት ነገር የለም። በጠማቂው ቀና። ለሚስቱ ወንበር አቀረበላት በተባለው በፍሬን ቀና። ጤነኛ አውራ ጣት ኖሯቸው በመንገድ በሚያልፉ ሰዎች ሁሉ ቀና። ሥራ ቦታ የደንበኛ መስታወት ያለ ልኩ ቆረጠና፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚሉት፣ ማስመሪያው ላይ ጮኸ። ማታ ማታ የአምቦ ውሃ እየቀዳ በልምድ ያሸተዋል፣ ወደ መብራት ያነሳዋል፤ ውሃ ነው።

አንድ ሐሙስ ሚስቱ ገብታ ፊቷን ልትታጠብ ስትሄድ ሻርፗን ከበሩ ጀርባ ሰቅላ ነበር። እያነከሰ ሄደና አፍንጫውን ቀበረበት። ብቅል አለው። የተጠበሰ ብቅል፣ ትንሽ እርሾ፣ ከዚያ ደግሞ...

"ምን እየፈለግክ ነው?" አለችው ከኋላው።

"ቁልፍ።"

"ሻርፔ ውስጥ?"

ወደ ጥቃት ዞረ። "ቆየሽሳ! ምን ስታወሩ ነው እስካሁን?"

"ስለ ልብስ ማጠብ።"

"ስለ ልብስ ማጠብ ይሄን ሁሉ ሰዓት?"

"ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው" አለችና ሻርፗን ከእጁ ወስዳ መልሳ ሰቀለችው። ስትሄድ ታንጎራጉር ነበር። ቤት ውስጥ ስታንጎራጉር ከሰማት ስንት ጊዜው ነው? በዚያም ቀና።

ወሩ አለቀ። ሐኪሙ ጣቱን ነካ ነካ አደረገና "በልኩ" አለው። እንደ አዲስ የተጠመቀው የብርቱካኑ ቢራ የሚከፈተውም ያው ሐሙስ ነበር። መስታወት ቆራጩ ተላጨ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፣ ከሚስቱ ጋር ሄደ። ሲገቡ ጠማቂው መጀመሪያ ለእሷ "መጣሽ!" አለ፤ ቀጥሎ ለእሱ "እንኳን ማረህ።" መስታወት ቆራጩ ቅደም ተከተሉን ልብ አለ።

ጠማቂው ብርጭቆውን ከምስማሯ አውርዶ ቀዳ። አረፋው ሲረጋ ብርጭቆውን ይዞ ቆመ፤ ወደ ሴትየዋ አየ፣ ወደ ወዳጁ አየ። ሰዉም ያያል። "እንግዲህ ባለቤቱ መጥቷል" ብሎ ለመስታወት ቆራጩ ሰጠው።

በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። አሸተተ። ጎነጨ። ዓይኑን ለመጨፈን አላሰበም፤ ራሱ ተጨፈነለት። ብርቱካኑ መጀመሪያ መጣ፣ ልጣጩን በጥፍር ሲጭሩት እንደሚረጨው ያለ። ከዚያ ድምብላሉ፣ ከዚያ ለስላሳ የሆነ ምሬት፣ ከዚያ ምንም። ንጹሕ። ሲያልሙት የከረሙት ቢራ ይህ ነበር። በዕድሜው እንዲህ ያለ ቀምሶ አያውቅም። ንጽሕናው ደግሞ የማን እንደሆነ እያንዳንዱ ጉንጭ ይነግረዋል። ዓይኑን ሲገልጥ ሰዉ እንደ ድሮው አፍ አፉን እያየ አልነበረም። ግማሹ የሚያየው ሚስቱን ነበር።

"የሆነ ነገር ይጎድለዋል" አለ።

ጠማቂው ፊቱ ወደቀ። "ምን?"

"እንጃ። ይጎድለዋል።"

ጠማቂው ብርጭቆውን ተቀብሎ ለሴትየዋ አቀበላት። ተጎነጨች። ከዚያ ባሏን ረዘም አድርጋ አየችው። መስታወት ቆራጩ አለቀልኝ አለ። ይህች ሴት አትዋሽም። ለእናቱ እንኳ አዲሱ ቀሚስ አያምርብዎትም ብላ ሁለት ዓመት የተኮረፈች ሴት ናት።

"እውነቱን ነው" አለች። "ይጎድለዋል።"

በርጩማዋም፣ ምስማሯም፣ ቀማሽነቱም በአንዲት ቃል ተመለሱለት። መደሰት ነበረበት። ግን አልሆነለትም፤ ለሌላ ለማንም ያላደረገችውን ለእሱ አድርጋለችና።

ጠማቂው አልተከራከረም። "ሁለታችሁም ካላችሁ..." አለና እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ቱቦውን ከበርሜሉ ሥር ገጥሞ፣ ጫፉን ወደ ፍሳሹ ጣለ። ቧንቧውን ከፈተው። ቢራው እየተንዶለዶለ ወረደ፤ ቤቱ በአንዴ ብርቱካን ብርቱካን ሸተተ።

መስታወት ቆራጩ ያንን ጣቱን ይዞ ሮጠ። በሁለት እጁ ቧንቧውን ጠርቅሞ ዘጋው። "ተው! ተው አልኩህ! ምንም አይጎድለውም!"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?"

"ቀንቼ ነው!"

"በማን?"

ዞር ዞር ብሎ አየ። ያልቀናበት ሰው ፈለገ፣ አጣ። "በማን አልቀናሁ" አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ፍሬን ነው፣ ወለሉን በእግሩ እየደበደበ። ጠማቂው ግን አልሳቀም፤ ወደ ፍሳሹ የወረደው ቢራ አንጀቱን በልቶታል። ባለ ጆሮውን ብርጭቆ አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ እንደገና አለቅልቆ ቀዳና ለሴትየዋ ሰጣት። "ከዛሬ ጀምሮ የመጀመሪያው የእሷ ነው" አለ። ለወዳጁ በተራ ብርጭቆ ሁለተኛውን ቀዳለት። መስታወት ቆራጩ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ጠጣው። ጣዕሙ ያው ነበር፤ ያው መሆኑ ግን አናደደው።

ወደ ቤት ሲሄዱ እያነከሰ "ለምን ዋሸሽ?" አላት።

"ወር ሙሉ ፊትህን ሳይ ከረምኩ። ሌላ ወር የምችልበት ጉልበት የለኝም።"

"ደግሞ ቢራ አትወጂም። ብርጭቆውን መልሺልኛ።"

"ቢራውማ አልወድም" አለች። "ሲጠይቁኝ ግን ደስ ይለኛል። አልመልስም።"

ትንሽ መንገድ ሄዱ። ከዚያ መስታወት ቆራጩ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ቃሉ አፉ ላይ እየተደናቀፈበት፣ "ዛሬ ሥራ እንዴት ዋለ?" አላት።

ቆም ብላ አየችው። "ጠማቂው መጀመሪያ የጠየቀኝ ይሄንኑ ነው" አለች።

እዚህም ሁለተኛ! ቅናቱን ዋጥ አደረገና "እሺ፣ ንገሪኝ" አለ። እሷም ክንዱን ይዛ፣ ጠዋት ከሆቴሉ ከመጡት አንሶላዎች ጀምራ ነገረችው።