የጎደለው ግንድ

አናጢው የአዲሱን ጠረጴዛ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ሳለ አክስቱ ገባች። ያሳደገችው እሷ ናት፤ አንኳኩታ አታውቅም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጥቂት ችካል እንዲጠርብላት ጠየቀችው።

ዐውሎ ነፋሱ ከሰፈሩ በላይ ያለውን ጥብቅ ደን ከገነደሰው ወዲህ፣ ዳገቱ ለየቤተሰቡ ተከፋፍሎ ችግኝ ተተክሎበታል። የደኑ ጠባቂ አጥብቆ የለመነው አንድ ነገር ነበር፦ የወደቁት ግንዶች ዳገቱ ላይ አግድም እንደተኙ ይቆዩ፣ አፈሩን የሚይዙት እነሱ ናቸውና ማንም እንዳይነካቸው። ሁሉም እሺ አለ፤ አናጢውም ከሁሉ ቀድሞ።

የትናንቱ ዝናብ ግን የአክስቱን የችግኝ መደብ ብቻ ለይቶ ጠርጎት ወረደ። ሰፈርተኛው አፈሩን ሳትረግጥ ነው የተከለችው እያለ አምቷታል። እሷም ይህንኑ አምናለች።

"እርጅና ነዋ፣ ጉልበቴ ከዳኝ" አለችና ጠረጴዛውን በመዳፏ ዳበሰችው። "ይሄ ግን እንዴት ያለ እንጨት ነው! ከየት አገኘኸው ልጄ?"

"ከገበያ ነው፣ እትዬ።"

"እጅህ ይባረክ።"

አናጢው ወደ ጠርዙ ጎንበስ ብሎ ማለስለሱን ቀጠለ። ከመደቧ በላይ ተጋድሞ የነበረውን ግንድ፣ አንድ ቢጎድል ምን ይሆናል ብሎ፣ ለዚህ ጠረጴዛ ያመጣው እሱ ነበር። እንዲህ ያለ እንጨት ሲበሰብስ ማየት አላስቻለውም።

እሷ እንደወጣች ችካሉን ጠርቦ ጨረሰ። ከዚያ የጠረጴዛውን እግሮች ነቀለና የላይኛውን ሳንቃ ከችካሎቹና ከመዶሻው ጋር ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ።

ሰፈርተኛው አክስቱን ሊያግዝ ተሰብስቧል። ከመካከላቸው ቀልደኛው የሰፈሩ ሾፌር ገና ከሩቅ ሲያየው "አናጢ፣ ለአክስትህ ምሳ እዚሁ ልታቀርብላት ነው እንዴ?" ብሎ ሰዉን አሳቀ። አናጢው አብሮ ሊስቅ ሞክሮ ፊቱ እምቢ አለው። ግንዱ ተኝቶበት የነበረው ጎድጓዳ፣ ለጎርፉ በር ሆኖ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሳንቃውን እዚያው በጠርዙ አቆመው።

"እዚህ የነበረውን ግንድ የወሰድኩት እኔ ነኝ" አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። "እትዬ አፈሩን በደንብ ረግጣው ነበር።"

ሳቁ ቀጥ አለ። የሚሰድበው ቢያገኝ በቀለለው፤ ሾፌሩ እንኳ አካፋውን አንስቶ ፊቱን አዞረ። አክስቱ የለሰለሰውን ጠርዝ በጣቷ ነካ አደረገች። ከዚያ ችካሎቹን አንድ በአንድ ታቀብለው ጀመር፣ ፊቱን ሳታይ። እሱም ቀና ሳይል ይመታል።

የመጨረሻው ችካል ተመትቶ ሲያልቅ ሳንቃውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ሞከረው። አልተነቃነቀም። መዶሻውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ።