የካርቶን ሳንቲም

ኢብሲቱ ወታደር ልጇ ጅሬኛ ከኢራቅ ጦርነት በሕይወት ስለተመለሰላት ስለቷን አስገብታለች። ሲዋርድ የሚባለው ሰፈር ያለው አፓርታማቸው የገባው ልጅ ግን ያ የሸኘችው ልጅ አልነበረም። የጃኬቱ ኪስ የመጫወቻ ካርታ በሚመስሉ ክብ ካርቶኖች ተሞልቷል፤ በአንድ ፊታቸው የአውሮፕላን ሥዕል፣ በሌላው አምስት፣ አሥር፣ ሃያ አምስት ሳንቲም ይላል። የብረት ሳንቲም በአውሮፕላን ለማመላለስ ስለሚከብድ የጦር ሰፈሩ ሱቅ መልስ የሚሰጠው በነዚህ ነበር።

አንድ ጠዋት ጅሬኛ ጎረቤታቸው ባድሩ ሱቅ ገብቶ ኮካ አነሳ፤ ካርቶኖቹን ባንኮኒው ላይ ደርድሮ «መኪኖቹ ተመለሱ?» ሲል ጠየቀ።

ባድሩ በደርግ ጊዜ ወታደር ስለነበር ልጁ አሁንም ጦር ሜዳ ያለ እንደሚመስለው ገባው። «ተመልሰዋል፣ የኔ ልጅ» አለና ካርቶኖቹን ተቀበለው።

ኢብሲቱ ከሥራ ስትመለስ ባድሩ ጠራት። «ኢብሲቱ እህቴ፣ ይሄን ልጅ ሐኪም ይየው።»

«ዕረፍት ነው የሚያስፈልገው። አብዷል ካሉትማ ማን ሥራ ይሰጠዋል?»

የኮካውን ከፍላ ካርቶኖቹን ወሰደች፤ ልጇ ሳያያት ኪሱ ከተተቻቸው። እንዲህ ሆነው ከረሙ። እሱ ይከፍላል፣ እሷ ታስመልሳለች። ስትጠይቀው መልሱ «ማም፣ አይም ፋይን»፣ ደህና ነኝ፣ ነው። ከቤት መውጣቱን እንደ መዳን ቆጠረችው።

ባድሩ ወንድሙ ታሞበት ሲያትል ሲሄድ ሱቁን ለጓደኛው ለዋለ አደራ ሰጠ። በጥድፊያው የጅሬኛን ነገር ሳይነግረው ቀረ።

«መኪኖቹ ተመለሱ?» አለ ጅሬኛ።

«የምን መኪና? ይሄስ ምንድን ነው? ገንዘብ አምጣ እንጂ!» ዋለ ካርቶኖቹን በእጁ ጠራርጎ መሬት ላይ በተናቸው። ጅሬኛ ባንኮኒውን ዘሎ ተከመረበት።

ኢብሲቱ ከምትሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ከናርሲንግ ሆሙ፣ ተጠርታ ስትደርስ ዋለን አምቡላንስ ወስዶታል። ጅሬኛ እጁ የፊጥኝ ታስሮ በደረቱ ተኝቷል፤ ፖሊሶቹ መሐል ሆኖ የማታውቃቸውን ሰዎች ስም እየጠራ ይጮኻል።

ዋለ አንድ ዓይኑ ጠፋ። ጅሬኛ ፍርድ እስኪሰጠው ድረስ ታሰረ።

ኢብሲቱ ባድሩን ሽማግሌ ይዛ ክሪስታል የሚባለው ሰፈር፣ ዋለ ቤት ሄደች። ሚስቱ ማሚት በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች እንጂ ግቡ አላለችም።

«ልጅሽን አሞት ነው አሉኝ» አለች። «ታውቂ ነበር?»

ባድሩ አቀረቀረ። ኢብሲቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ማሚት ይህን አይታ በሩን ዘጋችው።