ተጠቃሚ ቁጥር አራት

«ቆይ፣ እዚህ ጋ አቁሚው» አለች ዘነቡ፣ በጉልበቷ ድኻ ወደ ቴሌቪዥኑ እየተጠጋች።

ሳሌም ካሴቱን አቆመችው። የሙሽሮች ኬክ፣ ከኬኩ በስተጀርባ ትልቅ መስታወት፣ መስታወቱ ውስጥ ደግሞ አንድ ክርን። ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። የማንደፍሮ ክርን መሆኑ ነው።

አይ የሰው ነገር። ኦክላንድ ውስጥ ሐበሻ ሲዳር፣ ክርስትና ሲያነሳ፣ ልጁን ሲያስመርቅ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ቪዲዮ ያነሳው ማንደፍሮ ነበር። ከኤል ሴሪቶ እስከ ሳን ሆዜ እሱ የቀረጸው ካሴት የሌለበት ቤት ተፈልጎ አይገኝም። ታዲያ እሱን ማን ያንሳው? ባለፈው ማክሰኞ ልቡ ድንገት ከዳችው፣ ቅዳሜ ተቀበረ፣ ዛሬ ሠልስቱ ነው። ጎረቤቱ የነበረችው ዘነቡ ከፍሪሞንት አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ተሸክማ መጥታ ከጠዋት ጀምሮ ቢያዩ ቢያዩ ያገኙት ያንኑ ክርን ብቻ ነው።

ባለቤቱ የወርቅውሃ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። «ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ሲስቅ ነበር ማየት የፈለግሁት» አለች። «ፎቶማ ዝም ይላል።»

ልጃቸው ሳሌም ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጠች። አንድ ካሴት አለ። አልጋዋ ሥር፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ። እናቷ ቅዳሜ ስትጠይቃት ዓይኗን በጨው አጥባ የለኝም ብላታለች።

ጋሼ መንገሻ ሶፋው ላይ ተመቻቹ። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ዝምታ ሲበዛ አይወዱም። ሳሌምን ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ ብለው መከሯትና ምን እንደምታጠና ጠየቋት። ሰው ከኮምፒውተር ጋር እንዴት እንደሚግባባ ነው አለቻቸው። ጥቂት አሰቡ።

«አስታራቂ ሽማግሌ ነሽ በይኛ።»

ለቀስተኛው ፈገግ አለ። ሳሌም ግን አልቻለችም፤ ይህን ትምህርት ከማንም ቀድሞ የገባው አባቷ ነበር።

ማንደፍሮ ፍሪሞንት ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ሰሌዳ ሲበይድ ይውላል እንጂ ኮምፒውተር ከፍቶ አያውቅም። «ሆዱን አውቀዋለሁ፣ ፊቱን ነው የማላውቀው» ይል ነበር። ልጁ ኢንጂነር ልትሆን ነው ብሎ ላገኘው ሁሉ አውርቷል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳን ሆዜ ካለው ዩኒቨርሲቲዋ ሲያመጣት፣ ሜጀሬን ቼንጅ አድርጌያለሁ ብላ መኪና ውስጥ ነገረችው። ኦክላንድ እስኪደርሱ መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ። ከሀይዌይ ሲወጡ ነው፣ «እንግዲያው የምታጠኚው የኔን ነገር ነው» ያለው። ከዚያ ወዲያ ኢንጂነር የሚለውን ቃል ቤት ውስጥ አላነሳም።

ባለፈው ሚያዝያ ለክፍል ሥራ የባቡር ትኬት መሸጫ ሠራች፤ ስክሪኑን በጣት እየነኩ የሚገዙበት። ኮምፒውተር በማያውቁ አምስት ሰዎች መሞከር ነበረበት። ማንደፍሮ ቁጥር አራት ሆነ። ከረባት አስሮ መጣ። የራሱን ካሜራ ተከለ፣ ፊቱና ስክሪኑ አብረው እንዲታዩ አስተካከለ፣ ከዚያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከካሜራ ፊት ተቀመጠ። ሕጉን ነገረችው፦ የምታስበውን ጮክ ብለህ ትናገራለህ፣ አቁም እስክልህ ዝም እንዳትል፣ እኔ አልረዳህም። የሚፈተነው ማሽኑ እንጂ አንተ አይደለህም አለችው።

መክፈያውን ቁልፍ ግራጫ አድርጋ ከታች ጥግ ላይ አስቀምጣው ነበር፤ ጥፋቱ የእሷው ነው። ማንደፍሮ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ፈለገ። ግንባሩን አላበው። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያት፤ እሷ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። በመጨረሻ «ልጄ፣ አልቻልኩም መሰለኝ» ሲላት ውኃ ላምጣልህ ብላ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች። ተመልሳ ካሜራውን አጠፋች። ሪፖርቷ ላይ «ተጠቃሚ ቁጥር አራት፣ ሥራውን አላጠናቀቀም» ብላ ጻፈች። ኤ አገኘች። አባቴን አዋርጄ ማርክ አመጣሁበት የሚለው ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲበላት ኖረ፤ ይቅርታ ሳትጠይቀው ሞተ። ካሴቱንም ከፍታ አይታው አታውቅም።

«እስቲ ያንን ክርን መልሺልኝ» አለች የወርቅውሃ። ሳሌም መለሰችው። «እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ።»

በሦስተኛው ሳሌም አልቻለችም።

«እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። አንድ አለኝ። ግን ሲቸገር ነው የሚታየው።»

«አምጪው» አለች እናቷ።

ካሴቱ ዴኩ ውስጥ ገባ። ማንደፍሮ ከነከረባቱ ሲመጣ ሴቶቹ እንደ አዲስ አለቀሱ። ቀስ በቀስ ግን ዝም አሉ። ሲፈልግ፣ ሲያልበው፣ ዞር ብሎ ሲያይ ሁሉም አየ። አንዷ ከበሩ በኩል ምናለ ብታሳየው ብላ ስታንሾካሹክ ሳሌም ሰማች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ከዚያ ሳሌም ውኃ ልታመጣ ስትወጣ ታየች። ማንደፍሮ ብቻውን ቀረ። አቁም ስላላለችው አላቆመም።

«ወጣች» አለ ጮክ ብሎ። «እንግዲህ እቀጥላለሁ። የማስበው… እኔ ቁልፉን ካጣሁት ብዙ ሰው ያጣዋል፤ ስለዚህ ጠቅሜያታለሁ ማለት ነው። ልጄ እንዳትረዳኝ እጇን ጭኗ ሥር ደብቃ ነው የተቀመጠችው። ቁርጥ የወርቅውሃን። መኪና ስለማመድ ከጎኔ ተቀምጣ የሌለ ፍሬን ስትረግጥ አልነበር የከረመችው?» አለና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

የወርቅውሃም አብራው ሳቀች። «እውነቱን ነው፤ እግሬ እስኪዝል» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ዘነቡ አቀፈቻት።

ሳሌም አላለቀሰችም። ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዳ ተንበረከከች። አባቷ ወደ ስክሪኑ ተመልሷል። «አሁን ደግሞ ከታች እፈልጋለሁ» እያለ ጣቱን ያንቀሳቅሳል። ሳሌም ጣቷን ዘርግታ የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ፣ ግራጫው ቁልፍ ካለበት ቦታ አሳረፈችው።

የአባቷ ጣት መጣ፣ በጣቷ ሥር አለፈ፣ እንደገና ተመለሰ። ሳሌም ጣቷን አላነሳችም።